ከፈተና በኋላ፤ ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ንግግር

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ከተከታተላችሁ በኋላ፤
ሀ. የሰውን ንግግር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ አስተካክላችሁ ትጽፋላችሁ፤
ለ. የተደረገን ነገር፣ ግምትንና ምኞትን ከዐረፍተ ነገሩ አሠራር ተነሥታችሁ ትለያላችሁ፤
ሐ. ብዙ ሰዎች የተናገሩበትን አንድ ሁኔታ የየንግግሩ ባለቤት ሳይጠፋ በአጭር ዘገባ ታቀርባላችሁ።

1. መግቢያ

ተማሪ ከፈተና ክፍል ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም። አንዱ ይሥቃል፤ ሌላው ራሱን ይይዛል፤ ሦስተኛው ደብተሩን ገልጦ የሳተውን መልስ ይፈልጋል። በተለይ ፈተናው ከባድ የነበረ እንደ ሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚነገረው ቃል እጅግ ብዙ ነው። ከሚነገረው ውስጥ ግን ብዙው ተናጋሪው ራሱ ያደረገው ወይም ያየው አይደለም። አንዳንዱ ግምት ነው፤ አንዳንዱ ፍርሃት ነው፤ አንዳንዱ ምኞት ነው፤ አንዳንዱም ከሌላ ሰው የተሰማ ወሬ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር በተነገረ ጊዜ ሰሚው አንዱን ከሌላው መለየት ይሳነዋል።

የሰዋስው ትምህርት የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ በከንቱ የተሰጠ አይደለም። የቤት ባለቤት ስለ ቤቱ እንደሚጠየቅ ሁሉ የንግግር ባለቤትም ስለ ተናገረው ይጠየቃል። ባለቤቱ የማይታወቅ ንግግር ግን ጠያቂ ሲመጣበት መልስ የሚሰጥለት የለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ደጋግመን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ያለው ማን ነው?

2. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ሰዎች ለትምህርቱ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው።

በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የፊዚክስ ፈተና ያበቃው ከጧቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የጥያቄዎቹ ብዛት 40፣ የተሰጠው ጊዜ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ደወሉ ሲደወል ሥራቸውን ጨርሰው የተቀመጡት ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት ፈታኙ ወረቀቱን ከእጃቸው እስኪወስድ ድረስ ይጽፉ ነበር።

ተማሪዎቹ ከባንዲራው መስቀያ አጠገብ ካሉት ባሕር ዛፎች ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይናገሩ ስለ ነበር ማን ምን እንዳለ አይለይም ነበር። «ጊዜው አልበቃኝም»፣ «ያልተማርነውን ነው ያወጡብን»፣ «የመጨረሻዎቹን ዐሥር በግምት ነው ያጠቈርሁት» የሚሉ ድምፆች ይሰሙ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። አንድ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። አየሩ ድንጋዩን የሚገታው ኀይል ከቍጥር አይግባ። በመሬት ስበት ምክንያት የድንጋዩ ፍጥነት በየሴኮንዱ በ10 ሜትር በሴኮንድ ይለወጣል ተብሎ ይታሰብ። ድንጋዩ የመጨረሻው ከፍታ ላይ በደረሰበት ቅጽበት አክስለሬሽኑ ምን ያህል ነው? ጥያቄው ይህ ነበር።

«እርሱ እኮ ቀላል ነው» አለ ተሾመ። ተሾመ በክፍሉ ውስጥ በሒሳብ ችሎታው የታወቀ ስለ ነበር ሌሎቹ ዝም ብለው አዳመጡት። «ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የቆመ ነገር ምን አክስለሬሽን አለው? መልሱ ዜሮ ነው።»

«እኔም ዜሮ ነው ያልሁት!» አለ አንዱ። «እኔም!» አለች ሌላይቱ።

ዓለምነሽ ከዳር ቆማ ትሰማ ነበር። «እኔ ግን 10፣ አቅጣጫው ወደ ታች ብዬ ነው የጻፍሁት» አለች ቀስ ብላ።

«ሁላችንም ዜሮ ስንል አንቺ ብቻሽን ዐሥር?» አለ ተሾመ እየሣቀ። ሌሎቹም ሣቁ።

ዓለምነሽ መልስ አልሰጠችም። ከገጠር መጥታ በከተማዋ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ስንቅ የሚያመላልሱላት አባቷ፣ «ይህ መንፈቅ ካልቀናሽ ወደ ቤት ትመለሻለሽ» ብለዋት ነበር። የተሾመን ቃል በሰማች ጊዜ መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የመጣው ይኸው የአባቷ ቃል ነው። ቀላል የተባለውን ጥያቄ ከሳተች ከባዶቹን እንዴት ልታገኝ ትችላለች? እያለች ታስብ ጀመር።

በዚህ መካከል መኮንን ከሌላው ክፍል ተማሪዎች ዘንድ እየሮጠ መጣ። «ሰማችሁ? የእነዚያኛው ክፍል ልጆች በሙሉ ወድቀዋል። ጋሼ ፈተናውን ይሰርዛሉ አሉ!»

ወሬው በአንድ ጊዜ ግቢውን አዳረሰው። በደንብ ያልሠሩት «እሰይ!» አሉ። በደንብ የሠሩት ተቈጡ። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ «የፊዚክሱ ከተሰረዘ የከሰዓት በኋላው የሒሳብ ፈተናም መተላለፉ አይቀርም» ብለው የሒሳብ ደብተራቸውን ዘጉ።

ዓለምነሽ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ግቢው በር አመራች። ሂሩት አየቻትና ተከትላ ደረሰችባት።

«ወዴት ነው? ሒሳብ እኮ በስምንት ሰዓት ነው።»

«ወድቄአለሁ፤ ከእንግዲህ ሒሳቡ ምን ያደርግልኛል?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ዜሮ ነው አሉ እኮ።»

«እርሱን አይደለም የጠየቅሁሽ። ወድቀሻል ያለሽ ማን ነው?»

ዓለምነሽ አሰበች። እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ሂሩት እጇን ይዛ ወደ ባሕር ዛፉ መለሰቻት፤ መኮንንንም ጠራችው። «መኮንን፣ ‹አሉ› ያልኸው ማንን ነው? ራሳቸው ጋሼ ናቸው ያሉት፣ ወይስ ሰዎች ናቸው?»

መኮንን ጥቂት አመነታ። «እኔ እንኳ ከዮሐንስ ነው የሰማሁት» አለ።

ዮሐንስ ተጠራ። «እኔ እንዲህ አላልሁም» አለ። «እኔ ያልሁት፣ ብዙዎቻችን የወደቅን ይመስለኛል፤ ጋሼ ፈተናውን ቢሰርዙልን ደስ ባለኝ ነው።»

ይህን ሲነጋገሩ የፊዚክሱ መምህር የፈተናውን ወረቀት በብብታቸው ይዘው ከቢሮው ወጡ። ሂሩት ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ፈተናውን ይሰርዛሉ የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገርሁም» አሉ መምህሩ። «ወረቀታችሁ ገና አልታረመም። ማን እንዳለፈ ማን እንደ ወደቀ እኔም አላውቅም፤ ስለማላውቀው አልናገርም።»

«እሺ ጋሼ፣ ዐሥራ ሰባተኛውስ?» አለ ተሾመ።

መምህሩ ወረቀቱን ለሂሩት አስያዙና ከመሬት አንዲት ጠጠር አነሡ። ወደ ላይ ወርውረው በመዳፋቸው ቀለቧት።

«የጥያቄውን ድንጋይ እንከተለው» አሉ። «ሲወረወር በሴኮንድ 20 ሜትር ወደ ላይ ይሄዳል። በአንደኛው ሴኮንድ መጨረሻ ፍጥነቱ 10 ነው። በሁለተኛው መጨረሻ ዜሮ ነው፤ ጫፍ ላይ ደርሷል። በሦስተኛው 10 ወደ ታች፣ በአራተኛው 20 ወደ ታች ይሆናል። በየሴኮንዱ ምን ያህል ተለወጠ?»

«ዐሥር» አሉ ብዙዎቹ።

«ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ተሾመ ‹ይቆማል› ያለው ይህን ከሆነ እውነት አለው። የተጠየቀው ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን ነው። ጫፍ ላይ ይህም ለውጥ ዜሮ ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ ፍጥነት የሌለው ድንጋይ ፍጥነት ሳያገኝ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ይህች ጠጠር ግን እጄ ውስጥ ናት።»

ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ተሾመ፣ «እንግዲያው አንድ ጥያቄ ስቻለሁ» አለ።

«አንድ ጥያቄ» አሉ መምህሩ። «ሌላውን ስናርም እናየዋለን።»

ዓለምነሽ ምንም አላለችም። ቦርሳዋን ከፍታ የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። ለስምንት ሰዓት ገና ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር።

3. የቃላት ፍች

ማጥቈር፤ በፈተና መልስ መስጫ ወረቀት ላይ የተመረጠውን መልስ ፊደል ያለበትን ክብ በእርሳስ መሙላት።
መንፈቅ፤ የዓመት እኩሌታ፤ እዚህ የትምህርት ዓመቱ ግማሽ።
መቅናት፤ መሳካት፣ መከናወን። (ምሳሌ፤ ሥራው ቀናው።) «በሰው ቀና» ሲባል ካለው ፍች ለዩት።
ስንቅ፤ ከቤት ርቆ ለሚሄድ ወይም ለሚኖር ሰው የሚያዝለት ምግብ።
ቅጽበት፤ እጅግ አጭር ጊዜ፤ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ።
ማመንታት፤ ሁለት ሐሳብ ይዞ አንዱን ለመቍረጥ መቸገር።
መቅለብ፤ የተወረወረን ነገር በአየር ላይ እንዳለ በእጅ መያዝ። ለእንስሳ ወይም ለሰው ምግብ መስጠትም «መቅለብ» ይባላል።

4. የምንባቡ ጥያቄዎች

ሀ. ዓለምነሽ ወደ ግቢው በር ስታመራ ስለ ውጤቷ በእርግጥ የምታውቀው ነገር ምን ነበር?
ለ. የዮሐንስ ቃል በመኮንን አፍ ሲነገር ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። ምንና ምን ናቸው?
ሐ. መምህሩ ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል፤ ስለ አንዱ «አላውቅም» ሲሉ ስለ ሌላው አስረድተዋል። ለምን ይመስላችኋል?
መ. «አንድ ጥያቄ ስቻለሁ» በሚለውና «ወድቄአለሁ» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።
ሠ. ብዙዎቹ ተማሪዎች ዜሮ ብለው መልሰዋል። የመላሾቹ መብዛት ለመልሱ ትክክለኛነት ማስረጃ ይሆናልን? ከጠጠሯ ምሳሌ ጋር እያገናዘባችሁ መልሱ።

5. ሰዋስው

5.1 ቀጥተኛ ንግግር

ተናጋሪው የተናገረውን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዳለ ማቅረብ ቀጥተኛ ንግግር ይባላል። በጽሑፍ ሲቀርብ በትእምርተ ጥቅስ መካከል ይገባል።

ምሳሌ፤ ዓለምነሽ፣ «10 ብዬ ጻፍሁ» አለች።

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግሦች በሁለት መደብ ቆመዋል። «ጻፍሁ» አንደኛ መደብ ነው፤ «አለች» ሦስተኛ መደብ ነው። ሁለቱም ግን የሚመለከቱት አንዲቱን ዓለምነሽን ነው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ግሥ የተናጋሪውን ቃል ከነመደቡ መያዝ ስለሚችል፣ በአፍ ስንናገር ትእምርተ ጥቅስ ባይኖርም እንግባባለን፤ የድምፃችን አወጣጥ ይረዳናል። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ።

ተሾመ ወድቋል አለ።

ይህ ዐረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል።
ሀ. ተሾመ፣ «ወድቋል» አለ። (ተናጋሪው ተሾመ ነው፤ የወደቀው ሌላ ሰው ነው።)
ለ. «ተሾመ ወድቋል» አለ። (ተናጋሪው ሌላ ሰው ነው፤ ወደቀ የተባለው ተሾመ ነው።)

በመጀመሪያው ተሾመ ስለ ሌላ ሰው ይናገራል፤ በሁለተኛው ስለ ተሾመ ይነገርበታል። የአንድ ልጅ ስም የሚነሣውና የሚወድቀው በአንድ ነጠላ ሰረዝና በአንድ ትእምርተ ጥቅስ ነው ማለት ነው።

5.2 ተዘዋዋሪ ንግግር

የተናጋሪውን ቃል በጸሐፊው አነጋገር ለውጦ ማቅረብ ተዘዋዋሪ ንግግር ይባላል። ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልገውም። ከቀጥተኛ ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር ስንለውጥ የሚከተሉትን እናስተውል።

ሀ. መደብ ይለወጣል። «መልሴ 10 ነው» አለች። / መልሷ 10 እንደ ሆነ ተናገረች።
ለ. ኀላፊ ግሥ «እንደ» ይቀድመዋል። «አንድ ጥያቄ ሳትሁ» አለ። / አንድ ጥያቄ እንደ ሳተ ተናገረ።
ሐ. የትንቢት ግሥ «እንደም» ይገባበታል። «ሒሳብ እፈተናለሁ» አለች። / ሒሳብ እንደምትፈተን ተናገረች።
መ. ትእዛዝ «እንድ» በሚለው ይተካል፤ አሳሪው ግሥም እንደ ነገሩ ሁኔታ «አዘዘ፣ መከረ፣ ለመነ» ይሆናል። «ተመለሺ» አለቻት። / እንድትመለስ መከረቻት።
ሠ. ጥያቄ የጥያቄ ምልክቱን ይተዋል። «ማን ነገረህ?» አለችው። / ማን እንደ ነገረው ጠየቀችው።
ረ. የጊዜና የቦታ ቃላት ይለወጣሉ። «ነገ» «በማግሥቱ» ይሆናል፤ «ዛሬ» «በዚያ ቀን»፣ «እዚህ» ደግሞ «እዚያ» ይሆናሉ።

ማስታወሻ፤ መደቡ ተለወጠ ማለት ሐሳቡ ይለወጣል ማለት አይደለም። «የወደቅን ይመስለኛል» የሚለው ወደ ተዘዋዋሪ ሲለወጥ «የወደቁ እንደሚመስለው ተናገረ» መሆን ይገባዋል። «እንደ ወደቁ ተናገረ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሰዋስውን ደንብ ጠብቆ የተናጋሪውን ሐሳብ አጥፍቷል። የመኮንን ስሕተት ይህን ይመስላል።

5.3 ሦስቱ «አሉ»

«አሉ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሦስት አገልግሎት አለው።

ሀ. ለብዙ ተናጋሪዎች፤ ተማሪዎቹ «ዐሥር» አሉ።
ለ. ለአንድ የተከበረ ተናጋሪ፤ መምህሩ «ገና አልታረመም» አሉ።
ሐ. ባለቤቱ ላልታወቀ ወሬ፤ ፈተናው ሊሰረዝ ነው አሉ።

በሦስተኛው አገልግሎት «አሉ» ግሥ መሆኑ እየቀረ የወሬ ምልክት ይሆናል። ባለቤቱን ብንፈልግ አናገኘውም። መኮንን «ጋሼ ፈተናውን ይሰርዛሉ አሉ» ባለ ጊዜ ሰሚዎቹ የተከፋፈሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኩሌቶቹ «አሉ»ን ለመምህሩ የተነገረ አክብሮት አድርገው ወሰዱት፤ ስለዚህ መምህሩ ራሳቸው የተናገሩት መሰላቸው። እኩሌቶቹ ግን ከሰው የመጣ ወሬ መሆኑን ተረዱ። ሂሩት የጠየቀችው ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ ነበር፤ የ«አሉ» ባለቤት ማን ነው?

«ተባለ»፣ «ይባላል»፣ «ተወራ» የሚሉት ተደራጊ ግሦችም ተናጋሪውን ይሰውራሉ። ተናጋሪው በእርግጥ የማይታወቅ ሲሆን ልንጠቀምባቸው እንችላለን። ተናጋሪውን እያወቅን ከኀላፊነት ለመሸሽ ብንጠቀምባቸው ግን ጽሑፋችን ታማኝነቱን ያጣል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የተነገረን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ ያስተምራል።

5.4 እውነት፣ ግምትና ምኞት

የአማርኛ ግሥ ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደ ሆነ የሚያሳይበት መንገድ አለው። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ሀ. ሦስት ጥያቄዎች ሳልመልስ ወጣሁ። (ተናጋሪው ያደረገው)
ለ. ሦስት ጥያቄዎች የሳትሁ ይመስለኛል። (ግምት)
ሐ. ሦስት ጥያቄዎች ሳልስት አልቀርም። (ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ግምት)
መ. ሦስቱን ጥያቄዎች ባገኛቸው ደስ ባለኝ። (ምኞት)
ሠ. ጥያቄዎቹ ከባድ ነበሩ ይባላል። (ከሌላ የተሰማ)

ከፈተና በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ለ እና መ በ ሀ መልክ ሲነገሩ ነው። ዓለምነሽ «ወድቄአለሁ» ያለችው ፍርሃቷን በተፈጸመ ነገር ግሥ ስለ ተናገረችው ነው። ትክክለኛው አነጋገር «እንዳልወድቅ እፈራለሁ» ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ግሥ ልዩነት ይመስላል። ነገር ግን የወደቀ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚፈራ ሰው ደብተሩን ገልጦ ያጠናል።

6. ድርሰት፤ ዘገባ አጻጻፍ

ዘገባ አንድ የተፈጸመ ነገር ለሌላ ሰው የሚገለጥበት ጽሑፍ ነው። ዘጋቢው ስለ ሦስት ነገሮች ይጠነቀቃል። አንደኛ፣ የተናገረውን ሰው ይጠቅሳል። ሁለተኛ፣ የተባለውን ከሆነው ይለያል። ሦስተኛ፣ አሳሪውን ግሥ ይመርጣል። «አለ» እና «ተናገረ» አድልዎ የላቸውም። «አመነ» የሚባለው ያደረገውን ጥፋት ለተቀበለ ሰው ነው። «ካደ» ብሎ የጻፈ ደግሞ ተናጋሪው እንደ ዋሸ ፈርዷል። ስለዚህ «ዮሐንስ ካደ» ብንጽፍ ዮሐንስን እንበድለዋለን፤ እርሱ ቃሉን አስተካከለ እንጂ አልካደም።

ሁለት ዘገባዎችን እናነጻጽር።

የመጀመሪያው፤ የዘንድሮው የፊዚክስ ፈተና ተማሪዎችን ሁሉ አስለቀሰ። ጥያቄዎቹ ካልተማሩት የወጡ ናቸው ተባለ። ሁሉም ስለ ወደቁ ፈተናው ይሰረዛል አሉ።

ሁለተኛው፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች 40 ጥያቄዎች ያሉት የፊዚክስ ፈተና ወስደዋል። ከተማሪዎቹ አንዱ ጊዜው እንዳልበቃው፣ ሌላው የመጨረሻዎቹን ዐሥር ጥያቄዎች በግምት እንደ መለሰ ተናግረዋል። ፈተናው ይሰረዛል ስለሚባለው ወሬ የተጠየቁት መምህር እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተናገሩና ወረቀቱም ገና እንዳልታረመ ገልጠዋል።

የመጀመሪያው አጭርና ሞቅ ያለ ነው። ዳሩ ግን በውስጡ ከሚገኙት ሐሳቦች ውስጥ ባለቤት ያለው አንድም የለም። ሁለተኛው ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልም አንባቢው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያሳየዋል።

በቍጥር የሚቀርብ ዘገባም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንድ ምሳሌ ከአገራችን እንውሰድ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ይህ ቍጥር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ እንደ ነበረ ተገልጧል።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው ሁሉ ባለቤት አለው፤ ጊዜ አለው፤ መጠን አለው። ከዚህ በኋላ «ስለዚህ ፈተናው ከልክ ያለፈ ከባድ ነበር» ብንል ግን ከዘገባ ወደ ግምት ተሻግረናል። የውጤቱ ማነስ ከፈተናው ክብደት፣ ከተማሪዎቹ ዝግጅት፣ ከመማሪያ መጻሕፍትና ከመምህራን እጥረት፣ ወይም ኩረጃን ለመከላከል ከተደረገው ጥብቅ ቍጥጥር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ቍጥሩ ብቻውን ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። እንዲሁም «ከመቶ 97ቱ ተስፋ የላቸውም» ማለት ሐሰት ይሆናል። ምክንያቱም የማለፊያ ነጥብ ካላገኙት መካከል የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ ትምህርት አማካይነት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደርጓል። ቍጥር የሚናገረው የተቈጠረውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚናገረው ጸሐፊው ስለ ሆነ «እኔ ይመስለኛል» ብሎ በስሙ ይናገር።

7. መልመጃ

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር ለውጡ።
1. ሂሩት ዓለምነሽን፣ «ወዴት ነው የምትሄጅው?» አለቻት።
2. አባቷ፣ «ይህ መንፈቅ ካልቀናሽ ወደ ቤት ትመለሻለሽ» አሏት።
3. መምህሩ፣ «ስለማላውቀው አልናገርም» አሉ።
4. ዮሐንስ፣ «ጋሼ ፈተናውን ቢሰርዙልን ደስ ባለኝ» አለ።
5. ፈታኙ ተማሪዎቹን፣ «እርሳሳችሁን አስቀምጡ» አላቸው።

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች በሁለት መንገድ ይነበባሉ። ሥርዓተ ነጥብ እየጨመራችሁ ሁለቱንም ትርጕም አሳዩ።
1. መኮንን አልተፈተነም አለ።
2. ጋሼ ነገ ይመጣሉ አሉ።
3. ሂሩት አልፋለች አለች።

መልመጃ ሦስት። በሚከተለው አንቀጽ ውስጥ የተደረገውን «ተ»፣ ግምቱን «ግ»፣ ምኞቱን «ም»፣ ባለቤት የሌለውን ወሬ «ወ» በሚል ፊደል ለዩ።
ፈተናውን ከሁሉ በፊት አስረክቤ ወጣሁ። ሠላሳውን ያገኘሁ ይመስለኛል። ሌላው ክፍል ቀላል ፈተና ደርሶታል አሉ። መምህሩ በሰባት ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ አይቻለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ቢያርሙልን እንዴት ጥሩ ነበር!

መልመጃ አራት። «ፍጥነት» እና «የፍጥነት ለውጥ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው በአምስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ። ከድንጋይ ሌላ የራሳችሁን ምሳሌ ስጡ፤ የሚጓዝ አውቶቡስ ወይም ቍልቍለት የሚወርድ ብስክሌት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ብዙ ተማሪዎች ቃሉን በቃላቸው ይይዙና ትርጕሙን ይስታሉ። ነገሩን በገዛ ቋንቋችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ በእርግጥ ገብቷችኋል።

8. የድርሰት ሥራ

ከሚቀጥለው የክፍል ፈተና በኋላ ከሦስት የማያንሱ ጓደኞቻችሁን፣ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸውን እንደ ተናገሩት በማስታወሻ ያዙ። ቀጥሎም ከ150 እስከ 200 ቃላት ያሉት ዘገባ ጻፉ። በዘገባችሁ ውስጥ፤

ሀ. ቢያንስ ሁለት ቀጥተኛና ሦስት ተዘዋዋሪ ንግግሮች ይኑሩ፤
ለ. «አሉ» የሚለውን ቃል ባለቤት ለሌለው ወሬ አትጠቀሙ፤
ሐ. ጓደኛችሁ «ይመስለኛል» ካለ እናንተም «እንደሚመስለው» ብላችሁ ጻፉ፤
መ. ከጓደኞቻችሁ አንዱ ስሙ እንዲጠቀስ ካልፈቀደ «አንድ ተማሪ» በሉ፤ ቃሉን ግን አትለውጡ።

ጽሑፉን ከማስረከባችሁ በፊት ቃላቸውን ለሰጧችሁ ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። አንዱ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ካለ ማስታወሻችሁን ከእርሱ ጋር ተመልክታችሁ ዐረፍተ ነገሩን አርሙ።